የኔታ የተማሩት አንድ ቃል

የዛሬ ወር ገደማ የልጅ ልጄ ሩት ቤቴ ገብታ ቦርሳዋን መተላለፊያው ላይ ስትጥለው፣ የጡንቻ ቅባት ሽታ እስከ ማድቤት ተከትሏት መጣ። ስፖርተኞች እግራቸውን የሚያሹበት፣ ካምፎር ያለበት፣ ዓይን የሚያስለቅስ ቅባት ነው። ያ ሽታ ከቤቴ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ድንች እየላጥኩ ነበርና ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

“እማማ፣ ጉድ ልንገርሽ?” አለች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። “ማናጀር አገኘን! ሪል ማናጀር! አየርላንድ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። ትልቁን ዋንጫ ሁለቴ ወስዷል።”

“የእናንተን ቡድን ሊይዝ ነው?”

“አዎ፣ የኛን! ዘንድሮ አንድም ጌም ያላሸነፍነውን። ቢሊቭ ታደርጊያለሽ?”

“ምን ዓይነት ሰው ነው?”

“በጣም ካልም ነው። እንደ ሌሎቹ ኮቾች አይጮህም፣ አይሳደብም። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ግን ሁላችንም እንሰማዋለን።” ከዚያ ፊቴን አየችና፣ “ምነው፣ ደስ አላለሽም?” አለችኝ።

“ደስ ብሎኛል” አልኳትና ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ።

ሩት የምትጫወተው የአይሪሾችን ኳስ ነው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር፤ ኳሷን በእጅም በእግርም መጫወት ይፈቀዳል፣ በአንድ ወገን አሥራ አምስት ሰው ይሰለፋል፣ የግቡ ሁለት ቋሚዎች አግዳሚውን አልፈው ወደ ሰማይ ይቀጥላሉ። ከአግዳሚው በላይ ያሳለፈ አንድ ነጥብ፣ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ያገባ ሦስት ነጥብ ያገኛል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ከሰው ሁሉ በላይ ዘሎ ኳሷን በሁለት እጁ የሚቀልብ ነው። ባለቤቴ ጌታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የታወቀው በዚያ ነበር። ሩት ይህን ኳስ የጀመረችው በአያቷ ፎቶግራፍ ምክንያት ነው። እኔ ፎቶግራፉን አልሰቀልኩትም፤ የሰቀለው ራሱ ነው።

እሱ በሚጫወትበት ዘመን የምንኖረው ለንደን ካሌዶኒያን ሮድ ነበር፣ ከእስር ቤቱ ግንብ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ ባለች ክፍል። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ሰፈሩን የማውቀው በግንቡ ብቻ ነው። አሁን በወተት አረፋ ላይ ቅጠል እየሳሉ ቡና የሚሸጡበት ጥግ ያኔ የላምባ መሸጫ ነበር፤ ብርዱ ሲጀምር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፍበታል። ክፍላችን፣ ልብሳችን፣ ፀጉራችን ሳይቀር ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ከማዶ ያለው ካፌ ሻይ በሃያ ፔንስ ይሸጣል፤ ኩባያው ከባድ፣ ሻዩ የጡብ ቀለም ያለው። ዛሬ በሃያ ፔንስ የስኳሩን ከረጢት እንኳ የሚሰጥ የለም። ጌታቸው ከአዲስ አበባ የመጣበትን እግሩ ሰፊ ሱሪ ፋሽኑ ካለፈም በኋላ አልተወውም። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ከሚሸጥ አሮጌ ልብስ የገዛሁት፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ቡናማ ካፖርት ነበረኝ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ስለሚደርስ ጌታቸው ገና ከበር ሲያየኝ “ድንኳኗ መጣች” ይለኛል። በሱዳን በኩል የመጣ አንድ ካሴትም ነበረን። ክሩ በወጣ ቁጥር በእስክርቢቶ እያጠነጠንን ስንሰማው ዘፋኙ በመጨረሻ እንደ ሰካራም ይጎተት ጀመር። እንዲያም ሆኖ አልጣልነውም።

እኔ እዚያው መንገድ ላይ ካለው የልብስ ማጠቢያ ቤት እሠራ ነበር፤ ሰው ልብሱን በከረጢት ትቶልን ይሄዳል፣ አጥበን አድርቀን አጥፈን እንሰጠዋለን። ጌታቸው ከአይሪሾች ጋር ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ኮንክሪት ያቦካል። አገር ቤት የአንድ ፋብሪካ ቡድን የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ያለበት ሰው። አንድ ቀን ከሕንፃው ላይ የአንዱ ሄልሜት አምልጦ ሲወድቅ፣ ጌታቸው ከመሬት ዘሎ በሁለት እጁ ቀለበው። አይሪሾቹ ሥራቸውን አቁመው አዩት።

“አንተ ሰውዬ፣ እሑድ እሑድ ምን ትሠራለህ?” አሉት።

“ቅዳሴ እሄዳለሁ።”

“እኛም እንሄዳለን። ከዚያ በኋላስ?”

በዚህ ዓይነት ገባ። ቡድኑ ተሸናፊ ነበር፤ ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም፣ ራሳቸውም ይቀልዱበት ነበር። ተሸንፈው ይመጡና በክለቡ አዳራሽ አኮርዲዮን ተነሥቶ ስለ ወንዛቸውና ስለ እናታቸው ሲዘፍኑ ያመሻሉ። የክለቡን ሻይ የምታፈላው ኖራ የምትባል ሴት ነበረች፤ ፀጉሯን በሮለር ጠቅልላ በሻሽ የምታስር፣ ሲጋራዋን ከከንፈሯ ሳታወርድ የምታወራ። ያን ጊዜ ከራሷ ልጅ ይልቅ ከእኔ ጋር ትውል ነበር። “ባልሽ መዝፈን ይችላል?” አለችኝ መጀመሪያ ቀን። “አይችልም” አልኳት። “እንግዲያው ሌላ ቡድን ፈልጊለት፤ እኛ የምንችለው መዝፈን ብቻ ነው።” ማሊያዎቹን ሰኞ ሰኞ ለእኔ በከረጢት ይልኩልኛል። ያኔ ማሊያው ላይ የሚገኘው ጭቃና ቢራ ነበር። ሁለቱም በቀላሉ ይለቃሉ።

ጌታቸው ሜዳ ላይ ሰው በወደቀ ቁጥር፣ የራሱ ቡድን ይሁን የሌላው፣ ሮጦ ሄዶ “አይዞህ” ይለው ነበር። አስቦበት አይደለም። እኛ ሰው ሲሰናከል፣ ሲታመም፣ ሲያዝን ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣው ይኸው ነው። አይሪሾቹ ቃሏን ወደዷት። ከዚያ ማን ወደቀ ቢባል “አይዞህ! አይዞህ!” እያሉ ይሳሳቁ ጀመር፤ ቢራ ለደፋም፣ ሚስቱ ለተቆጣችውም ይሏታል።

የአዲሱ ማናጀር ወሬ የተሰማው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። አየርላንድ ውስጥ ስማቸውን ሕፃን ያውቀዋል ተባለ፤ በዋንጫ ላይ ዋንጫ የደረደሩ ሰው እኛን ሊይዙ ለንደን መጡ ተባለ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ስለነበሩ አይሪሾቹ “ዘ ማስተር” ይሏቸዋል። ጌታቸው ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። “የኔታ ማለት እኮ ነው” አለኝ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት የኔታ ሆነው ቀሩ። አገር ቤት የኔታን የሚያውቅ አለንጋቸውንም ያውቃል። እኚህ ግን አለንጋ አልነበራቸውም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ግራጫ የዝናብ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ሻይም ቢራም አይጠጡም፤ ኖራ ሙቅ ውሃ ብቻ በብርጭቆ ታቀርብላቸዋለች።

ኖራ አልወደደቻቸውም። “ዋንጫ ያመጣን ሰው አገሩ ለምን ይሸኘዋል?” አለችኝ አንድ ቀን ኩባያ እያጠበች።

“ለምን?”

“እኔም ጠይቄያለሁ። አንዱ ‘ስለ ሰውየው መጥፎ የሚናገር አታገኚም’ አለኝ። ሌላው ደግሞ ‘ዋንጫውን የወሰደው ቡድን ዛሬ አንዱም ሳያነክስ የቤቱን ደረጃ መውጣት አይችልም’ አለኝ። ይኼው ነው የሰማሁት።”

ከመጡ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ የኔታ ማጠቢያ ቤቱ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ሰጡኝና፣ ማሊያዎቹ ሳይታጠቡ ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። እያንዳንዷን ማሊያ ዘርግተው ፊቷንም ጀርባዋንም አዩ፤ እኔ ጨርቅ ስገዛ እንደማየው። አንዷን ለብቻ አነሡ። ጭቃ ብዙ አልነካትም። አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጓትና፣ “ይህችን ማጠብ አያስፈልግሽም” ብለውኝ ሄዱ። የዚያች ማሊያ ባለቤት ከዚያ በኋላ ተሰልፎ አያውቅም። ማንም አልጮኸበትም፣ ማንም አልሰደበውም።

ቀጥሎ ሚክ የሚባል አንድ ደግ አናጺ ነበር፤ ጎኑን ሲያመው ለየኔታ ነገራቸው። “ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ” ብለው እጁን ጨብጠው ወደ ቤቱ ሸኙት። ስሙ ዳግመኛ አልተጠራም። ሌሎቹ ይህን አዩ። ከዚያ ወዲህ የሚያመው ሰው ጠፋ። ማሸነፍም ጀመሩ። መጀመሪያ በጥቂት፣ ቀጥሎ በብዙ። አኮርዲዮኑ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ማንም አልከለከለም፣ ግን ማንም አላወጣውም። ሰኞ ሰኞ የሚመጣልኝ ከረጢት ከበደ። በሥራዬ ከተማርኩት አንዱ፣ ደም በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ሙቁ ጨርቁ ውስጥ ያደርቀዋል። በቀዝቃዛ ነው የሚነከር። በዚያ ክረምት እጄ ከቀዝቃዛ ውሃ አልወጣም።

ቃሏንም የወሰዷት በዚያው ሰሞን ነው። ልምምድ ላይ አንዱ ወድቆ ጌታቸው እንደ ልማዱ “አይዞህ” ሲለው ሰሙ። “ምን ማለት ነው?” ብለው ጠየቁት። ጌታቸው እንግሊዝኛው ጥቂት ነበር። ሰውየው መሬት ላይ ነው፣ እሱ እጁን ይዞ እየሳበው ነው፤ ያየውን ተናገረ። “ጌት አፕ ማለት ነው” አላቸው፣ ተነሥ ለማለት። አይሪሾቹ ስሙን አሳጥረው ጌት ነበር የሚሉት፤ በራሱ ስም የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። የኔታ ብቻ አልሳቁም። ቃሏን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ደጋገሟት። አጥርተው ነበር የሚሏት፣ “ዞ”ውን እንኳ አልሳቱም። ማታ ጌታቸው ይህን ሲያወራኝ ደስታው ሌላ ነበር። “የኔታን አማርኛ አስተማርኩ” አለ። “ተሳስተህ ነው ያስተማርካቸው” አልኩት። “ታዲያ ምን ልበላቸው? አይዞህን በእንግሊዝኛ ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ አሥራ ሁለተኛ የጨረስሽ!” ፈልጌ አጣሁ። ዛሬም አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ የኔታ ሰው በወደቀ ቁጥር ይሏት ጀመር።

ከዋንጫው ፍጻሜ በፊት በነበረው ጨዋታ እኔም ኖራም ከመስመሩ ዳር ነበርን። ጌታቸው ዘሎ ኳሷን ሲቀልብ የሌላው ቡድን ሰው ክርን ግራ ዓይኑን መታው። በጀርባው ወደቀ፤ አልተንቀሳቀሰም። ዳኛው ጨዋታውን ሊያቆም ሲል የኔታ ከመስመሩ ውጭ እንደቆሙ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ “አይዞህ፣ ጌት” አሉ።

አይሪሾቹ ያን ቃል የሚሉት ለቀልድ ነበር፤ ለእሱ ከልቡ መልሶ የሚለው ሰው ደግሞ ከእኔ ሌላ በዚያ አገር አልነበረም። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ አይነሣም ነበር ብዬ አምናለሁ። ተነሣ። ጨዋታውንም ጨረሰ።

ጌታቸው በዚያ ሰሞን የአውቶቡስ ሾፌር ለመሆን አፕላይ አድርጎ ነበር። ከቁፋሮ የሚያወጣን ያ ሥራ ነበር፤ የዩኒፎርም ኮት፣ ሳምንት ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ፣ ዝናብ የማይገባበት ወንበር። ቶተንሃም ሄዶ የመንዳቱን ፈተና አልፏል፤ የቀረው የዓይን ምርመራ ነበር። ቀኑም ከፍጻሜው ጨዋታ በኋላ ባለው ሳምንት ተቆርጧል።

አንድ ጧት ሻዩን በግራው በኩል አስቀመጥኩለት። እጁን ሰዶ ኩባያውን ገፋው፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

“ምን ሆነሃል?”

“ምንም።”

“ቀኝ ዓይንህን ሸፍን።”

“ደግሞ ዶክተር ሆንሽ?”

“ሸፍን አልኩህ።”

በመዳፉ ሸፈነ። ጣቶቼን ዘርግቼ “ስንት ነው?” አልኩት። “እጅሽን የት አድርገሽው ነው?” አለኝ። እጄ ከዓይኑ ፊት ነበር።

ያን ጊዜ ነገረኝ። ከተመታ በኋላ መጀመሪያ ብልጭታ ያይ ነበር፤ ከዚያ ከታች ጥቁር ጥላ እንደ መጋረጃ እየወጣ መጣ። አሁን መጋረጃው ሞልቷል።

“ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።”

“ከፍጻሜው በኋላ።”

“የአውቶቡሱ ምርመራስ?”

“እሱም ከፍጻሜው በኋላ ነው።”

“ዓይንህ ‘እጠብቃለሁ’ ብሎሃል? ለሰውየው ንገራቸው።”

“ሚክ ነገራቸው። የት አለ አሁን ሚክ?”

“ቤቱ ነዋ! በሁለት ዓይኑ!”

ጌታቸው አልተቆጣም። የፈሰሰውን ሻይ በጨርቅ እየጠረገ፣ “ወርቄ” አለኝ፣ “እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ አንተን ነው የምፈልገው ያለኝ ሰው አለ? ክሮይደን ኢሚግሬሽን ቢሮ ተሰለፍ፣ ወረቀት አምጣ፣ ተመልሰህ ና፤ ይኸው ነው። እሳቸው ገና እንዳዩኝ ጣታቸውን ቀስረው ‘አንተ’ አሉ።” ሲጠርግ በግራ በኩል ያለው ሻይ ቀርቶበት ነበር። እኔ ጠረግሁት።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ክለቡ ሄድኩ። የኔታ አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ሙቅ ውሃቸው ፊታቸው አለ። ሲያዩኝ ተነሥተው ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን እንግሊዝኛ እንዳይጠፋብኝ ቶሎ አልኩት።

“የባለቤቴ ግራ ዓይን አያይም።”

“አውቃለሁ” አሉኝ።

ያልገባቸው መሰለኝ። “አመመው አላልኩም። አያይም ነው የምልዎ።”

“ከመሀል ሜዳ አውጥቼ ግራ ጠርዝ ላይ ያቆምኩት ለምን ይመስልሻል?” አሉኝ በቀስታ። “እዚያ በግራው ያለው መስመሩ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚመጣበት በቀኙ ነው።” የተናገሩት ውለታ እንደዋለ ሰው ነበር።

“እንግዲያው ያስቀሩት።”

“ልቅር ካለኝ አስቀረዋለሁ። ብሏል?”

“አይልም። እንደማይል ያውቃሉ።”

“አዎ” አሉ። ውሃቸውን ጠጥተው ጨረሱ፤ ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። የልጅ እጅ ይመስል ቀላል ነበር። ፊታቸው ላይ ክፋት አላየሁም። ብፈልግም አላየሁም። “አይዞህ” አሉኝ።

ለሴት አይዞሽ እንደሚባል የነገራቸው አልነበረም። እሳቸው የሚያውቁት ለወደቀ ወንድ የሚባለውን ብቻ ነው።

ኖራ ከደጅ ትጠብቀኝ ነበር። “ምን አሉሽ?”

“አይዞህ አሉኝ።”

“ተነሥ አሉሽ? አንቺ መቼ ወደቅሽ?”

“ተነሥ ማለት አይደለም፣ ኖራ። መነሣት ለማይችልም ይባላል። ለሚሞት ሰው እንኳ ይባላል።”

ሲጋራዋን ከከንፈሯ አወረደች። “አንድ ክረምት ሙሉ እኮ ሰው ሲያስነሡበት ነበር” አለች።

የፍጻሜው ቀን ዝናብ ነበር። ሜዳው ዳር ያን ያህል ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ፣ እርጥብ ሱፍ የሚሸት ሕዝብ። ጌታቸው በግራው ጠርዝ ቆሟል። አንድ ነገር ሊያይ ሲፈልግ አንገቱን ሙሉ ያዞራል፣ ዶሮ መሬት ላይ ያለ ጥሬ እንደምታይ። ሌላው ሰው ያንን ልብ አላለውም፤ እኔ ከዚያ ሌላ ያየሁት የለም። ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከቀኝ ከፍ ብላ መጣች። ዘለለ። እንዲያ ሲዘል አይቼው አላውቅም፤ ከሰው ሁሉ በላይ ወጥቶ ቀለባትና ሳይወርድ የመታት መሰለኝ። ከአግዳሚው በላይ አለፈች፤ በአንድ ነጥብ አሸነፉ። ትከሻቸው ላይ አወጡት። ፎቶግራፉ ያን ጊዜ የተነሣው ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ እኔን ይፈልግ ነበር። የቆምኩት በግራው በኩል ነበርና አላየኝም፤ ፊቱን አዙሮ ሌላ ቦታ እጁን አወዛወዘ።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ በመብራቷ ብዙ ካየችው በኋላ፣ “መቼ ነው የጀመረህ?” አለችው።

“ትናንት” አላት።

“ትናንት?”

“ትናንት፣ ዶክተር። ኳስ መታኝ።”

ወደ እኔ ዞረች። ጌታቸውም ዞረ፤ እኔን ለማየት ወገቡን ሁሉ ማዞር ነበረበት። “የሳምንታት ነው” አልኳት። ጌታቸው በአማርኛ፣ “በየኔታ ላይ ነገር እንዳይመጣባቸው ብዬ ነው” አለኝ። ሐኪሟ ምን እንዳለ አልጠየቀችም። ቀዶ ጥገና አደረጉለት፤ የዓይኑ ብርሃን ግን አልተመለሰም። ሲጀምረው ቢመጣ ኖሮ ይድን እንደነበር ነገረችን። የአውቶቡሱም ነገር በዚያው ቀረ። ጌታቸው ወደ ቁፋሮም ሊመለስ አልቻለም፤ ቀሪ ዘመኑን በአንድ መጋዘን ካርቶን ሲደረድር ኖረ፣ ሁልጊዜ ግድግዳውን በግራው አድርጎ። በየኔታ ላይ ክፉ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። “ዓይኔን የመታው ክርን ነው” ይል ነበር። እሳቸው ክረምቱ ሲወጣ ሄዱ፤ ወደ ሰሜን አንድ የሚሸነፍ ቡድን ጠርቷቸው ነው አለችኝ ኖራ። ስንብታቸው ላይ አኮርዲዮኑን አውጥተው ነበር፤ የሚዘፍን ግን ጠፋ።

ይህን ሁሉ ለሩት አልነገርኳትም። ብነግራት “እማማ፣ ዛት ዋዝ ዘን፣ ያ ድሮ ነው” ትለኛለች፤ እውነቷንም ሊሆን ይችላል። የነገርኳት፣ ከእንግዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳ ይዛኝ እንድትሄድ ብቻ ነው። በጣም ደስ አላት። ለእናቷ ደውላ “እማማ ፋን ሆነች!” አለቻት። ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በእርጥብ ሣር ላይ በከዘራ። አዲሱ ማናጀር መልካም አስተዳደግ ያለው፣ ገና ሽበት የጀመረው ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን ራሱ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። “ጨዋታው ይገባዎታል?” አለኝ። “ጥቂት” አልኩት። ከዚያ ወዲህ እየሄድኩ ነው። ልጆቹ ማሸነፍ ጀምረዋል። ሰው ሁሉ ኳሷን ሲያይ እኔ እሱን አያለሁ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ወዴት እንደሚያይ ነው የምጠብቀው።

ባለፈው እሑድ ሩት ዘላ ስትወርድ እግሯ ከሥሯ ታጠፈ። ድምፁ እስከ እኔ ተሰማ። ተጋድማ ሣሩን በጥፍሯ ያዘች። እሱን አየሁት። ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ የነጥቡን ሰሌዳ አየ፤ ከዚያ እሷን። በቀስታ “ሩት” አላት፣ ስሟን አጥርቶ። ሩት ያን ስትሰማ አንድ እጇን መሬት ላይ ተክላ ልትነሣ ጀመረች።

ከዘራዬን ይዤ መስመሩን አልፌ ገባሁ። ነጠላዬን ለብሼ ነበር። ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች፤ ከኋላዬ ብዙ ሰው ተጣራ። ኳስ በራሴ ላይ አለፈች መሰለኝ። ሩት ቀና ብላ ስታየኝ ከሕመሟ ይልቅ ኀፍረቷ በለጠ።

“እማማ፣ ወት አር ዩ ዱዊንግ! ጌሙ አላለቀም! ሰው እያየን ነው!”

“ይየን” አልኳት። ጉልበቴ መታጠፍ ካቆመ ቆይቷል፤ ሆኖም ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ወደ መሬት መለስኳት።

“ደህና ነኝ እኮ፤ መነሣት እችላለሁ።”

“እንደምትችይ አውቃለሁ” አልኳት። “አትነሺ።”

ማናጀሩ መጥቶ ከበላያችን ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልጋት በትሕትና ጠየቀኝ። ቀና ብዬ አየሁትና፣ ጨዋታው ያለ እሷ መቀጠል እንደሚችል ነገርኩት። እጄን ከደረቷ አላነሣሁም፤ ልቧ ከእጄ ሥር ይመታ ነበር።